የፓርሰር ጄኔሬተርን ማስተማር፦ «16 ኮንፍሊክት» የሚለው መልእክት ምን ይነግረናል?

የኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ ኮምፒዩተር ወደሚፈጽመው መልክ የሚተረጉም ፕሮግራም) ትምህርት የጀመረ ተማሪ አራቱን የሒሳብ ስሌቶች የሚገልጽ አነስተኛ ሰዋስው ጽፎ ባይሰን ለተባለው የፓርሰር ጄኔሬተር (ከሰዋስው ደንብ ተነሥቶ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ለሚያመነጭ መሣሪያ) ሲሰጠው፣ ብዙውን ጊዜ የሚመለስለት አንድ አጭር ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሰዋስው ውስጥ 16 የሺፍት/ሪዲዩስ ኮንፍሊክቶች፣ ማለትም ፓርሰሩ ከሁለት እርምጃዎች የትኛውን እንደሚወስድ ደንቡ የማይወስንባቸው ቦታዎች፣ እንዳሉ ይነገረዋል። ማስጠንቀቂያ እንጂ ስህተት ስላልሆነ መሣሪያው ሥራውን አያቋርጥም፤ የፓርሰሩን ኮድ ያመነጫል፣ ኮዱም ያለ ችግር ኮምፓይል ይደረጋል። ተማሪው 2 + 3 * 4 ብሎ ይሞክራል፣ 14 የሚል ትክክለኛ መልስ ያገኛል፣ ማስጠንቀቂያውንም ትቶ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል። 2 * 3 + 4 ብሎ ቢሞክር ኖሮ ግን የሚያገኘው 10 ሳይሆን እንደገና 14 ነበር፤ 8 - 3 - 2 ቢልም 3 መሆን ሲገባው 7 ይወጣለት ነበር።

የሌክሰርና የፓርሰር ጄኔሬተሮችን አጠቃቀም ማስተማር በእኔ እምነት ከምንም በላይ ይህንን አንድ መስመር ማንበብን ማስተማር ነው። የፋይሉን አጻጻፍ፣ የትእዛዞቹን ቅደም ተከተልና የምልክቶቹን ዓይነት ማንኛውም ተማሪ ከመሣሪያው መመሪያ በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል። 16 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ለምን 15 ወይም 17 እንዳልሆነ መናገር የቻለ ተማሪ ግን ፓርሰር ምን እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። ለኮምፒዩተር የፕሮግራም ጽሑፍ የፊደላት ሰልፍ ብቻ ነው። «ውጤት = 2 + 3 * 4» የሚለውን መስመር ለመረዳት በመጀመሪያ ፊደላቱን ትርጉም ባላቸው ቁራጮች መከፋፈል ያስፈልጋል፤ ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ቁጥር፣ መደመሪያ፣ ቁጥር፣ ማባዣ፣ ቁጥር፣ በድምሩ ሰባት ቁራጮች ይሆናሉ። እነዚህ ቁራጮች ቶከን ይባላሉ፣ ይህንን ሥራ የሚሠራው የፕሮግራም ክፍል ደግሞ ሌክሰር ነው። ቀጥሎ ቶከኖቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚያያዙ፣ የትኛው በየትኛው ሥር እንደሚገባ የሚወስነው ፓርሰር ነው፤ ሥራውም የሚያልቀው ቶከኖቹን በዛፍ መልክ በማደራጀት ነው። ጄኔሬተር የምንለው መሣሪያ ሌክሰሩን ወይም ፓርሰሩን በእጃችን እንድንጽፍ አይጠይቀንም። የቋንቋውን ደንቦች ብቻ እንድንገልጽለት ይጠይቀንና ኮዱን እሱ ራሱ ይጽፈዋል።

ይህ አሠራር በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ለተጠቃሚዎች የደረሰው የመጀመሪያው የፎርትራን ኮምፓይለር 18 ሰዎች ለአንድ ዓመት ቢሠሩ የሚፈጅ ያህል ድካም እንደጠየቀ ይነገራል። የአልጎል 60 ቋንቋ ደንቦች ጆን ባከስና ፒተር ናውር ስማቸውን በሰጡት የአጻጻፍ ስልት በጥንቃቄ ከተገለጹ በኋላ፣ ደንቡ እንዲህ ጥርት ብሎ ከተጻፈ ፓርሰሩን ከደንቡ በቀጥታ ማውጣት አይቻልም ወይ የሚለው ጥያቄ ክብደት አገኘ። ዶናልድ ክኑት በ1965 ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ወደ ኋላ ሳይመለስ የሚሠራውን የኤልአር ስልት አቀረበ፤ ፍራንክ ዴሬመር በ1969 ሰንጠረዦቹን እጅግ የሚያሳንስ ኤልኤኤልአር የተባለ ቅርጽ ሰጠው፤ በቤል ቤተ ሙከራዎች ስቲቨን ጆንሰን ያክ የተባለውን የፓርሰር ጄኔሬተር፣ ማይክ ሌስክና ኤሪክ ሽሚት ደግሞ ሌክስ የተባለውን የሌክሰር ጄኔሬተር ሠሩ። ዛሬ በትምህርት ክፍል የምናገኛቸው ባይሰንና ፍሌክስ የእነዚህ የሁለቱ ነፃ ወራሾች ናቸው።

ተማሪዎች ቀድመው የሚጠይቁት መሣሪያው ለምን ሁለት ሆነ የሚለውን ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቶከኖችን ለመለየት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የፊደላትን አሰላለፍ በአጭር ምልክቶች የሚገልጽ ስልት) ይበቃል፤ ሬጉላር ኤክስፕሬሽንን የሚያስፈጽመው ማሽን ደግሞ የተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ያሉት፣ ሌላ ማስታወሻ የሌለው ነው። በመሆኑም ፈጣን ነው፣ ነገር ግን መቁጠር አይችልም። ምን ያህል ቅንፍ እንደተከፈተ አስታውሶ ያንኑ ያህል መዘጋቱን ማረጋገጥ፣ የጥልቀቱ ወሰን አስቀድሞ እስካልታወቀ ድረስ፣ ከአቅሙ በላይ ነው። ለዚህ ስታክ (ነገሮች እየተደራረቡ የሚቀመጡበትና ከአናቱ ብቻ የሚነሱበት ማስታወሻ) ያስፈልጋል፤ ፓርሰር ከሌክሰር የሚለየውም ስታክ ስላለው ነው። ይህንን በቃል ከመናገር ይልቅ ተማሪው ለቅንፎች ብቻ የሚሆን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን እንዲጽፍ ቢጠየቅና መምህሩ በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ቅንፍ እየጨመረ ቢያሸንፈው፣ ትምህርቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

አሁን ብዙ መምህራን ወደማይስማሙበት ነጥብ እንምጣ። እኔ መሣሪያውን በመጀመሪያው ሳምንት አላስጀምርም። ተማሪው በቅድሚያ ለዚያው ለአራቱ ስሌቶች የሚሆን ሌክሰርና ፓርሰር በሚያውቀው የፕሮግራም ቋንቋ በእጁ እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ለእያንዳንዱ የሰዋስው ደንብ አንድ ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የሚጻፍበት ስልት ቀላል ነው፤ መቶ ሃምሳ መስመር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጊዜው ሲባክን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ያለዚህ ልምምድ መሣሪያው ለተማሪው ምሥጢራዊ ሣጥን ሆኖ ይቀራል፤ ያመነጨውን ፋይል ከፍቶ በቁጥር የተሞሉ ሰንጠረዦችን ሲያይም ይባስ ይደነግጣል። በእጅ ሲጽፍ የሚገጥመው አንድ ችግር በተለይ ዋጋ አለው። መቀነስን እንዲህ አድርጎ ይገልጸዋል፦

ስሌት፦ ስሌት - ቁጥር፣ ወይም ቁጥር

ይህንን ደንብ ወደ ፈንክሽን ሲቀይረው፣ ፈንክሽኑ አንድም ቶከን ሳያነብ ራሱን ይጠራል፣ የተጠራውም እንዲሁ ራሱን ይጠራል፣ ፕሮግራሙም ስታኩ ሞልቶ ይወድቃል። መፍትሔ ፍለጋ ደንቡን ገልብጦ «ቁጥር - ስሌት» ሲያደርገው ፕሮግራሙ መሥራት ይጀምራል፣ ግን 8 - 3 - 2 ሲሰጠው 8 - (3 - 2) ብሎ ያነብና 7 ይመልሳል። ተማሪው በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር በራሱ እጅ ነክቶ ያውቃል፤ የደንቡ ቅርጽ የዛፉን ቅርጽ እንደሚወስን፣ የዛፉ ቅርጽም መልሱን እንደሚወስን። ኋላ ወደ ባይሰን ሲሄድ በግራ ራሱን የሚጠራው ደንብ እዚያ ችግር እንደማይፈጥር፣ እንዲያውም የሚመረጠው እሱ መሆኑን ሲሰማ፣ ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል።

ሌክሰሩን በተመለከተ ሁለት ሕጎች ብቻ በደንብ መያዝ አለባቸው። አንደኛው፣ ሌክሰሩ ሊያገኘው የሚችለውን ረጅሙን ቁራጭ ይወስዳል። ሁለተኛው፣ ሁለት ደንቦች እኩል ርዝመት ያለው ቁራጭ ካገኙ በፋይሉ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል። ለምሳሌ «ከሆነ» የሚለውን ቃል እንደ ቁልፍ ቃል የሚጠቀም የልምምድ ቋንቋ አለን እንበል። «ከሆነልኝ» የሚል የተለዋዋጭ ስም ሲመጣ፣ በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ሙሉው ቃል እንደ ስም ይወሰዳል እንጂ «ከሆነ» እና «ልኝ» ተብሎ አይቆረጥም። «ከሆነ» ብቻውን ሲመጣ ግን የቁልፍ ቃሉም የስሙም ደንብ እኩል ሦስት ፊደል ያገኛሉ፤ ተማሪው የስሞችን ደንብ ከላይ ጽፎት ከነበረ ቁልፍ ቃሉ ፈጽሞ አይወጣም፣ ፓርሰሩም ትክክል በሚመስል መስመር ላይ የሰዋስው ስህተት አለ ይላል። ፍሌክስ እንዲህ ያለውን ደንብ ሲያገኝ ሊደረስበት እንደማይችል ያስጠነቅቃል፤ አሁንም የሚቸግረው ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ማግኘት ነው።

የረጅሙ ቁራጭ ሕግ ሌሎች ወጥመዶችም አሉት። ተማሪው አሉታዊ ቁጥርን ለመቀበል ብሎ የመቀነስ ምልክቱን በቁጥር ደንብ ውስጥ ካስገባው፣ 5-3 የሚለው ጽሑፍ 5 እና -3 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይሆናል፤ በመካከላቸው ምንም ምልክት ስለማይኖር ፓርሰሩ አይቀበለውም፣ ክፍተት ተደርጎ 5 - 3 ሲጻፍ ግን ይቀበለዋል። በኮድ ውስጥ ለአንባቢ የሚጻፍ ማስታወሻን (ኮሜንትን) «ከመክፈቻው ምልክት እስከ መዝጊያው ድረስ ማንኛውም ፊደል» ብሎ የገለጸ ተማሪ ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ማስታወሻዎች ሲኖሩ በመካከላቸው ያለው ኮድ ድምፁን አጥፍቶ ሲጠፋበት ያያል፤ ረጅሙ ቁራጭ ከመጀመሪያው መክፈቻ እስከ መጨረሻው መዝጊያ የሚደርሰው ነውና። እነዚህን ችግሮች ለማየት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ፓርሰሩን ከማገናኘት በፊት ቶከኖቹን እያተሙ መመልከት። ይህንን ልማድ ያላዳበረ ተማሪ የሌክሰርን ስህተት በፓርሰሩ ውስጥ ሲፈልግ ሰዓታት ያሳልፋል።

ወደ 16 እንመለስ። «የድሮ መጽሐፍ ነጋዴ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ የድሮ መጻሕፍትን የሚሸጥ ሰው፣ ወይም በድሮ ጊዜ መጽሐፍ ይሸጥ የነበረ ሰው። ቃላቱ ያው ናቸው፣ የሚለያዩት ከማን ጋር እንደተቧደኑ ነው። አንባቢ ከዐውዱ ይለየዋል፤ ፓርሰር ግን ዐውድ የለውም። የተማሪው ሰዋስው ይህን ይመስላል፦

ስሌት፦ ስሌት + ስሌት
ወይም ስሌት - ስሌት
ወይም ስሌት * ስሌት
ወይም ስሌት / ስሌት
ወይም ቁጥር

ይህ ሰዋስው 2 * 3 + 4 የሚለውን በሁለት መንገድ ያቧድናል፤ (2 * 3) + 4 ይቻላል፣ 2 * (3 + 4) ደግሞ እንዲሁ ይቻላል። ሁለቱም ደንቡን አይጥሱም። በመሆኑም ሰዋስው አሻሚ ነው ይባላል።

ፓርሰሩ ይህንን አሻሚነት የሚገናኝበትን ቅጽበት በሰሌዳ ላይ ቀስ ብሎ መሥራት ያስፈልጋል፤ ከዚህ ትምህርት ውስጥ ሳይቸኮል መሰጠት ያለበት ክፍል ይህ ነው። ፓርሰሩ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቀጣዩን ቶከን በስታኩ አናት ላይ ይጨምራል፣ ይህ ሺፍት ነው፤ ወይ በስታኩ አናት ላይ የአንድን ደንብ ሙሉ ቀኝ ጎን አግኝቶ በደንቡ ስም ይተካዋል፣ ይህ ሪዲዩስ ነው። 2 * 3 ካነበበ በኋላ በስታኩ ላይ «ስሌት * ስሌት» አለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ + ነው። አሁን ምን ያድርግ? ያለውን ማባዛት አጠናቆ በአንድ «ስሌት» ቢተካው መልሱ 10 ይሆናል። መደመሪያውን በላዩ ላይ ቢጨምር ማባዛቱ ከሥር ሆኖ ይጠብቃል፣ መልሱም 14 ይሆናል። ደንቡ ሁለቱንም ስለሚፈቅድ ፓርሰሩ የሚወስንበት ምክንያት የለውም። የሺፍት/ሪዲዩስ ኮንፍሊክት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን እናስላ። ፓርሰሩ አንድ ስሌት አጠናቆ ሊተካ የሚችልባቸው አራት ሁኔታዎች አሉ፤ መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትን ወይም ማካፈልን ያነበበበት። በእያንዳንዱ ሁኔታ ቀጥሎ ሊመጡ የሚችሉት ምልክቶችም አራት ናቸው። አራት ጊዜ አራት 16 ነው። ለተማሪዎች ከዚህ በኋላ የምሰጠው ጥያቄ በማንኛውም ስሌት ፊት የሚገባ የአሉታ ምልክት የሚፈቅድ ደንብ (ስሌት፦ - ስሌት) ብንጨምር ኮንፍሊክቱ ስንት ይሆናል የሚል ነው፣ መልሱንም መሣሪያውን ከማስኬዳቸው በፊት በወረቀት ላይ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። አንድ ሁኔታ ይጨመራል፣ በእሱም ላይ አራቱ ምልክቶች ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ 20 ይሆናል። መሣሪያው 20 ሲል ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ደስታ ከልብ የመነጨ ነው፤ ቀድሞ ያስፈራቸው የነበረው ቁጥር አስቀድመው የሚናገሩት ነገር ሆኗልና።

ባይሰን ምክንያት ሲያጣ ሁልጊዜ ሺፍትን ይመርጣል። ሁልጊዜ ሺፍት ማድረግ ሁሉንም ነገር ከቀኝ ማቧደን ስለሆነ 2 + 3 * 4 በአጋጣሚ ትክክል ሆኖ ይወጣል፣ 2 * 3 + 4 እና 8 - 3 - 2 ግን ይበላሻሉ። የመጀመሪያው ሙከራ የተሳካው ሰዋስው ትክክል ስለነበር ሳይሆን ምሳሌው ከመሣሪያው ዝንባሌ ጋር ስለገጠመ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰዋስውን በደረጃ መከፋፈል ነው፤ ስሌት ከብዜቶች ይገነባል፣ ብዜት ከአሃዶች ይገነባል፣ አሃድ ቁጥር ወይም በቅንፍ ውስጥ ያለ ስሌት ይሆናል፤ ማባዛት ከመደመር ይልቅ ወደ ዛፉ ግርጌ ስለሚቀርብ ቀድሞ ይሰላል። ሁለተኛው አሻሚውን ሰዋስው እንዳለ ትቶ የምልክቶቹን ቅድሚያ ለብቻ ማወጅ ነው፤ በባይሰን መደመርና መቀነስ በአንድ መስመር፣ ማባዛትና ማካፈል ከሥሩ ባለው መስመር ይጻፋሉ፣ ከታች የተጻፈውም ይበልጥ ጠበቅ ያለ ትስስር ይኖረዋል። ሁለተኛው መንገድ አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው በእሱ ይጀምራል። እኔ ግን የደረጃውን መንገድ አስቀድማለሁ፤ አዋጁ በውስጡ የሚሠራው ለዚያው ለሺፍት ወይስ ሪዲዩስ ጥያቄ መልስ መስጠት መሆኑን ያላወቀ ተማሪ፣ ያልገባውን ኮንፍሊክት ሁሉ በቅድሚያ አዋጅ ዝም ማሰኘት ይለምዳል። ባይሰን የሚጠበቀውን የኮንፍሊክት ብዛት አስቀድሞ በመናገር ማስጠንቀቂያውን ማስቆም የሚቻልበት ትእዛዝም አለው፤ ይህ ትእዛዝ በተማሪ ሥራ ውስጥ ሲገኝ የእያንዳንዱን ኮንፍሊክት ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዳ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። በ2020 ከወጣው የ3.7 እትም ጀምሮ ባይሰን ለኮንፍሊክቱ ምክንያት የሆነውን የቶከኖች ሰልፍ በምሳሌ ማሳየት መቻሉ ሥራውን እጅግ አቅልሎታል፤ በቀድሞው ጊዜ የሁኔታዎችን ዝርዝር ገጽ በገጽ መመርመር ግድ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ተማሪዎችን የሚያደናቅፈው ጉዳይ ከሰዋስው ውጭ ነው። በእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ ደንቡ ሲጠናቀቅ የሚፈጸም ኮድ መጻፍ ይቻላል፤ ለሒሳብ ማሽን «የግራውንና የቀኙን ዋጋ ደምር» ማለት በቂ ነው። ተማሪው በዚሁ መንገድ ቀጥሎ የ«ከሆነ» ዓረፍተ ነገር ሲጨምር ግን ሁኔታው ሐሰት ቢሆንም የውስጡ ማተሚያ ትእዛዝ ሲፈጸም ያያል፤ ድግግሞሽ ሲጨምር ደግሞ የውስጡ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጸማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮዱ የሚፈጸመው ጽሑፉ ሲነበብ ነው፣ ጽሑፉ የሚነበበው ደግሞ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የደንቡ ኮድ ሥራ ማስላት መሆኑ ቀርቶ የዛፍ ቅርንጫፍ መሥራት ይሆናል፣ ስሌቱን ደግሞ ዛፉን እየዞረ የሚሠራ ሌላ ፈንክሽን ይረከባል። መምህሩ ይህንን አስቀድሞ ከሚናገር ተማሪው ሐሰት በሆነ ሁኔታ ውስጥ የታተመውን ጽሑፍ በዓይኑ እንዲያይ ቢተወው ይሻላል።

የትኛውን መሣሪያ እናስተምር ለሚለው፣ የዛሬዎቹ ተማሪዎች አንትለርን ቢመርጡ አያስገርምም። በቴረንስ ፓር የተሠራው ይህ መሣሪያ ዛፉን ራሱ ይገነባል፣ የሚያመነጨውም ኮድ ሊነበብ የሚችል ነው፤ አራተኛው ትውልዱ በግራ ራሱን በቀጥታ የሚጠራ ደንብንም ይቀበላል። ፓይተን ከ2020 የ3.9 እትሙ ጀምሮ የሚጠቀምበት ፔግ የተባለው ስልትም እንዲሁ ለጀማሪ የሚመች ነው። ሁለቱ ግን አሻሚነትን በዝምታ ያልፉታል፤ አማራጮቹ ሁለት ሲሆኑ ቀድሞ የተጻፈውን ይወስዳሉ፣ ሰዋስው በሚጠናቀርበት ጊዜ «እዚህ ሁለት ትርጉም አለ» የሚል ቃል አይወጣቸውም። ለሥራ ይህ ምቾት ነው፣ ለትምህርት ግን ጉድለት ነው። ስለዚህ በባይሰን ጀምሮ፣ ቅሬታውን ማንበብ ተምሮ፣ ከዚያ ወደ አንትለር መሄድን እመርጣለሁ።

ትልልቆቹ ኮምፓይለሮች ፓርሰራቸውን በእጅ መጻፋቸውን የሰማ ተማሪ ይህን ሁሉ ለምን እንማራለን ይላል። እውነት ነው፤ ጂሲሲ በ2004 በ3.4 እትሙ የሲ++ ፓርሰሩን በባይሰን ከሚሠራው አውጥቶ በእጅ ወደተጻፈ ቀይሮታል፣ ክላንግም ከመነሻው በእጅ የተጻፈ ነው። የስህተት መልእክት ጥራት አንዱ ምክንያት ነው፤ ጄኔሬተር ብቻውን ሲተው ከ«የሰዋስው ስህተት» የዘለለ ነገር ለተጠቃሚ አይናገርም። በሌላ በኩል ፖስትግረስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ሥርዓት ሰፊውን የጥያቄ ቋንቋውን ዛሬም በፍሌክስና በባይሰን ያነባል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰዋስው በየዓመቱ ሲያድግ አዲሱ ደንብ ከአሮጌው ጋር መጋጨቱን ወዲያው የሚናገር መሣሪያ ማግኘት ቀላል ጥቅም አይደለም።

የመጨረሻውን ልምምድ ሁልጊዜ በዚህ መስመር ላይ እመሠርታለሁ፦

ከሆነ (ሀ) ከሆነ (ለ) አትም 1 አለበለዚያ አትም 2

«አለበለዚያ» የየትኛው «ከሆነ» ነው? ሀ ሐሰት ሲሆን፣ የውስጠኛው ከሆነ ምንም አይታተምም፣ የውጪኛው ከሆነ ግን 2 ይታተማል። ባይሰን አንድ ኮንፍሊክት አለ ይላል፣ እንደ ልማዱም ሺፍትን መርጦ ወደ ውስጠኛው ያስጠጋዋል፤ የሲ ቋንቋም የሚለው ይህንኑ ነው። ተማሪው እስከዚህ የመጣ ከሆነ ምክንያቱን በራሱ ያብራራል። ከዚያ ኮንፍሊክቱን በቅድሚያ አዋጅ ሳይሆን ቋንቋውን በመለወጥ እንዲያስወግደው እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ የአዳ ቋንቋ እንዳደረገው እያንዳንዱ «ከሆነ» የራሱ መዝጊያ ቃል እንዲኖረው ያደርጋል፣ ሌላው ጎ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንዳለው የትእዛዙ አካል ያለ ጥምዝ ቅንፍ እንዳይጻፍ ይከለክላል። ሁለቱም ፋይላቸውን እንደገና ለመሣሪያው ይሰጡታል፣ መሣሪያውም በዚህ ጊዜ ምንም ሳይናገር ፓርሰሩን ያመነጫል።